ለሞቃትና ከፊል ጥላ ላለው ግቢ የሣር አመራረጥ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



እንደ ድሬዳዋ፣ አዳማና አርባ ምንጭ ባሉ ሞቃት ከተሞች ግቢ ያለው ሰው ሁለት ነገር ይመኛል። አንደኛው ከፀሐይ የሚያስጠልል ዛፍ ነው፤ ሁለተኛው ከዛፉ ሥር የተነጠፈ ለምለም ሣር ነው። ሁለቱ በአንድ መሬት ላይ አብረው ለመኖር የሚቸገሩ መሆናቸው የሚታወቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ከወጣ፣ ውሃውም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ሣሩ በመጀመሪያው ዝናብ ይለመልማል፤ በዓመቱ ይሳሳል፤ ውሎ አድሮም ከግንዱ ዙሪያ ባዶ አፈር ይቀራል። በዚህን ጊዜ ጥፋቱ በዛፉ ላይ ይላከክና መጥረቢያ ይነሣል። ሃያ ዓመት የፈጀ ኒም ለሣር ሲባል ሲቆረጥ ማየት የሙያውን ሰው ያሳዝነዋል፤ ዛፉ የሄደበት ግቢ ከቀድሞው ይልቅ ይሞቃል፣ የተተከለውም ሣር አብዝቶ ውሃ ይጠይቃልና።

የችግሩ ሥር ያለው በሣሩ ተፈጥሮ ላይ ነው። ሙቀት ወዳድ የሚባሉት ሣሮች ከሸንኮራ አገዳ፣ ከበቆሎ፣ ከማሽላና ከጤፍ ጋር በአንድ ጠባይ ይዛመዳሉ። ይህንን ጠባይ ሀች እና ስላክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ በሸንኮራ አገዳ ላይ መርምረው በ1966 እ.ኤ.አ. አብራርተውታል። ዕፅዋቱ ከአየር የሚወስዱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመጀመሪያ አራት ካርቦን ባለው አሲድ መልክ ይይዙና ወደ ውስጠኛው ሕዋስ አሻግረው ያከማቹታል። በዚህም ምክንያት በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ በሆነ ሙቀት፣ የብርድ አገር ሣሮች በሚዝሉበት ሰዓት፣ እነርሱ ይፋፋሉ። ዳሩ ግን ካርቦኑን ለማሻገር ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል፤ ኃይሉም የሚገኘው ከብርሃን ነው። ሙቀትን የሚያስችላቸው ያው አሠራር በጥላ ሥር ዕዳ ይሆንባቸዋል ማለት ነው። ማሽላ በድፍን ጥላ ሥር ቀጥኖ እንደሚቀር የሚያውቅ ገበሬ ይህንን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል።

ጥላም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የግንብ ጥላ ብርሃኑን ይቀንሳል እንጂ ጠባዩን እምብዛም አይለውጥም። የዛፍ ቅጠል ግን ለምግብ ሥራ የሚጠቅመውን ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ለራሱ ያስቀርና የተረፈውን ያሳልፋል፤ ሣሩም ብርሃን ፍለጋ ቅጠሉን አርዝሞ፣ ግንዱን አቅጥኖ፣ ሥሩን አሳጥሮ ይቀራል። በዚያ ላይ የዛፉ ሥር ውሃውንና ምግቡን ይሻማዋል።

የግንብን ጥላ በተመለከተ ከውጭ አገር መጻሕፍት የሚቀዳ አንድ ምክር አለ፤ ይኸውም ከቤት በስተደቡብ ያለው መሬት ምንጊዜም ፀሐይ ያገኛል የሚለው ነው። ምክሩ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ትክክል ነው። ለድሬዳዋ ግን አይሠራም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለችና። 3 ሜትር ቁመት ያለው ግንብ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን 2 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ ግን ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ ከ1 ሜትር ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ የግቢው ብርሃን ሳይለካ ሣር መግዛት አይገባም። መለኪያውም ቀላል ነው፤ ችካል ተክሎ ከጧት እስከ ማታ በየሰዓቱ ፀሐይ ያረፈበትን ቦታ መመዝገብ፣ ይህንኑም በታኅሣሥና በሰኔ መደጋገም ነው።

ከሣሮቹ ሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ሰርዶ ነው። አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰርዶ የማይበቅልበት ጊዜ ማሰብ ያስቸግራል። በምድር ላይም በአፈር ውስጥም በሚሳብ ግንድ ስለሚራባ፣ ቢረገጥ፣ ቢታጨድ፣ ቢደርቅ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ጨዋማ ውሃንም ይችላል። በዓለም ስሙ የገነነው በቤርሙዳ ቢሆንም የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው። በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት በቲፍተን የምርምር ጣቢያ ግሌን በርተን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲፍዌይ የተባለው ዝርያ እንኳ ከተራው ሰርዶና ከደቡብ አፍሪካ ዘመዱ የተገኘ ድቅል ነው። ይሁንና ሰርዶ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ጥላ ነው። በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ይሳሳል። ጥላ በሌለበት የግቢው ክፍል የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ከዛፉ ሥር ግን አለቦታው ነው። የአትክልት መደብ አጠገብ ካለም ድንበር ሊበጅለት ይገባል፤ አለዚያ ጎመኑን ይወርሳል።

ኪኩዩ በደጋ ከተሞች የተመሰገነ ቢሆንም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ በቆላ ሙቀት ብዙ ውሃ ስለሚፈልግ ለድሬዳዋ አይመከርም።

በቀን 4 ወይም 5 ሰዓት ያህል ፀሐይ ለሚያገኝ ቦታ የሚሻለው ሴንት ኦገስቲን የተባለው ሰፊ ቅጠል ሣር ነው። ከሞቃት አገር ሣሮች መካከል ጥላን በመቻል የተመሰከረለት እርሱ ነው። የሚተከለው በአብዛኛው በዘር ሳይሆን በቁራጭ ነው። ድክመቱ ከምድር በታች የሚሄድ ግንድ የሌለው መሆኑ ነው፤ ሕፃናት ኳስ የሚጫወቱበት ግቢ ይጎዳዋል፣ ድርቅም ሰርዶን ያህል አይችልም። ዞይሲያ በመካከል ይቆማል፤ መረገጥን ይችላል፣ መጠነኛ ጥላንም ይታገሣል፤ ግን መሬቱን ለመሸፈን አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ ትዕግሥት ለሌለው ባለቤት አይሆንም። እንደ ጅማ ባለ እርጥብና አሲዳማ አፈር ካርፔት ሣርም በጥላ ሥር ደህና ይሆናል።

ከ4 ሰዓት በታች ፀሐይ ባለበት ቦታ ሣር መትከል ቢቀር ይሻላል። እዚያ ጠጠር ወይም የደረቀ ቅጠል ቢነጠፍ የዛፉም ሥር ይጠቀማል። ቡና የሚፈላው ደግሞ በዚያው ጥላ ሥር ነውና ለምለም ነገር ካስፈለገ ቄጠማ ይጎዘጎዛል።

ውሃውም አስቀድሞ ሊሰላ ይገባል። በሞቃት ወራት አንድ ካሬ ሜትር ሣር በፀሐይ ላይ በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈጃል። 100 ካሬ ሜትር ቢሆን ከ300 እስከ 500 ሊትር ማለት ነው፤ ይህም በባለ 200 ሊትር በርሜል እስከ ሁለት በርሜል ተኩል ይደርሳል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ውሃ ከልብስ አጠባና ከማድ ቤት የሚቀነስ ነው። ስለዚህ የሣሩ ስፋት የሚወሰነው በግቢው ስፋት ሳይሆን በውሃው ልክ ነው።

ተከላው ዝናብ ሲገባ ይሁን፤ ቁራጮቹ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይተከሉ። የዛፉ የታችኛ ቅርንጫፎች እስከ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ቢመለመሉ የጧትና የማታ ፀሐይ በጎን ይገባል። በጥላ ያለው ሣር በማዳበሪያ አይጣደፍ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ ይልቅ አልፎ አልፎ በጥልቀት ይጠጣ። አጨዳውም ከፍ ይበል፤ ፀሐይ ላይ ያለው ሰርዶ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ አይጎዳም፣ በጥላ ያለው ሴንት ኦገስቲን ግን ከ8 ሳንቲ ሜትር በታች ሊታጨድ አይገባውም።