ከባለዕዳ ጋር መታሰር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአገራችን ዕዳ አልከፍል ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን አይታሰርም ነበር። የነጠላው ጫፍ ከአበዳሪው ነጠላ ጋር ይቋጠራል፤ ነገሩ ሲጠና ሁለቱ በሰንሰለት ይቆራኛሉ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ዋስ እስኪገኝ ወይም ዳኛ እስኪፈርድ። እኔን የሚከብደኝ የባለዕዳው መከራ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ የቀረበትም ሰው እርሻውን ጥሎ አብሮት ይታሰራል።

በዚያው ዘመን የርስት ሙግት ደግሞ ትውልድ ይሻገር ነበር። በሰሜኑ ክፍል ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ስለነበር፣ ተሟጋቹ የዘር ሐረጉን እስከ መጀመሪያው አቅኚ አባት ድረስ በቃሉ ይቆጥር ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባል ነበርና የዘመን ብዛት አያግደውም ነበር። የተረታው ወገን አቤቱታውን እስከ ንጉሡ ችሎት ሊያደርስ ይችል ነበር።