የቀድሞው ምድር ባቡር ትንንሽ ጣቢያዎችና የድርቅ ሥራችን
(በአዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ለእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከዚህ ከኦሎምፒያ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ለገሃር በእግር መሄድ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውን የጣቢያ ሕንፃ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ለገሃር አይደለም፤ ከአዋሽ ማዶ በቆላው ውስጥ ስለ ነበሩት፣ ስለ አፍደም፣ ስለ ጎታ፣ ስለ ኤረርና ስለ ሁርሶ ዓይነቶቹ ትንንሽ ጣቢያዎች ነው። በድርቅ ዘመን መኪኖቻችን ደጋግመው የሚሄዱት ወደዚያው አገር ነውና።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረርን ማገናኘት ቢሆንም ተራራው ባለመፍቀዱ ሐዲዱ ቆላውን ይዞ ቀረ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ በመክሰሩ ሥራው ለዓመታት ከተቋረጠ በኋላ፣ ባቡሩ የጨርጨርን ተራሮች ግርጌ ተከትሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

በዚያ ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በእንፋሎት ነበር። የእንፋሎት ሞተር ደግሞ በየመንገዱ ቆሞ ውኃ መጠጣት ይኖርበታል። ስለዚህ በደረቁ አገር የሚቆምባቸው ሥፍራዎች የሚመረጡት ለሰው ምቾት ብቻ ታስቦ ሳይሆን ለሞተሩ ጥማትም ጭምር ነው። በ1940ዎቹ የናፍጣ ሞተሮች መግባት ሲጀምሩ ይህ ምክንያት እየላላ ሄደ። ጣቢያዎቹ ግን አልተዘጉም፤ በዚያን ጊዜ ሌላ ሥራ አግኝተው ነበር፤ ይኸውም ገበያ መሆን ነው። ሶማሌው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ፍየሉን፣ ወተቱንና ከሰሉን ይዞ ይመጣል፤ በፉርጎ የመጣውን እህል፣ ስኳርና ጨርቅ ይዞ ይመለሳል። (ኮንትሮባንዱም ቢሆን በዚሁ ያልፍ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ብዙ ቤተሰብም ይኖርበት ነበር።)

የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት የረሃብ ጥናት፣ የሐረርጌ አርብቶ አደር በ1966ቱ ረሃብ የተጎዳው ከብቱ ስለሞተበት ብቻ እንዳልነበረ አመልክተዋል፤ የተረፈው ከብት ዋጋ ከእህል ዋጋ አንፃር በመውደቁም ጭምር ነው። አርብቶ አደር በሥጋና በወተት ብቻ አይኖርም፤ በክፉ ቀን ከብቱን ሸጦ እህል ይሸምታል። እንግዲህ ገዢ የሚመጣበት መንገድ ከተቋረጠ፣ ዝናብ ባይጠፋም ፍየሉ ዋጋ ያጣል ማለት ነው።

መንገዱም ተቋርጧል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በጦርነቱ ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ለወራት ቆመ፤ ኋላ ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው ምልልስ ግን በ2000 ዓ.ም. ገደማ ጨርሶ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ሰፊ ሐዲድ ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የተሠራው በተለይ ለረጅም ጉዞና ለወደብ ጭነት ነው፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንኳ ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው ተተክለዋል። ሁለት ፍየል ይዛ ለምትመጣ እናት የድሮው ባቡር ምትክ አልሆነላትም።

በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሳቢያ በደረሰው ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ፣ የቀድሞው ሺኒሌ የዛሬው ሲቲ ዞን ነበር፤ አሮጌው ሐዲድ የሚያልፈውም በዚሁ ዞን ነው። ለጉዳቱ ሁሉ ምክንያቱ የባቡሩ መቆም ነው አልልም፤ የዝናቡ እጦት ብቻውን ከባድ ነበር። ነገር ግን በአሮጌ ጣቢያ ዙሪያ የቀረውን ሕዝብ አንዳንድ ሪፖርቶቻችን «እርዳታ ጠባቂ» ብለው ሲያልፉት ደስ አይለኝም። ገበያው ጥሎት የሄደ ነጋዴ ነው።

ስለዚህ የሠፈራ ቦታ ለመምረጥም ሆነ የጉዳት ጥናት ለማካሄድ ወደዚያ የምትወርዱ ባልደረቦች፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሞተው ከብት ከጠየቃችሁ በኋላ ሁለት ነገር ጨምራችሁ እንድትመዘግቡ አሳስባለሁ፤ አንድ ፍየል ዛሬ ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ፣ ገዢው የሚገኝበት ገበያም የስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ።