ምትክ ከተቀበሉ በኋላ የቀድሞው ዕቃ የማን ነው?

በጋይንት ቤተ ልሔም ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ነገሩ ግን ትንሽ አይደለም። የእጅ ስልክ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ገበሬ ኪስ ከገባ ወዲህ፥ ስለ ስልክ የሚነሣው ጥያቄ ወደ መምህሩና ወደ ሽማግሌው መምጣቱ አልቀረም። ከጥያቄዎቹም አንዱ ይህ ነው።

አንድ ልጅ በውጭ አገር ይኖራል እንበል። ከስልክ ኩባንያ የገዛው ስልክ ስለ ተበላሸበት ለኩባንያው አስታወቀ። ኩባንያውም ደንበኛው እንዳይቸገር ብሎ ምትኩን አስቀድሞ ላከለት፤ የተበላሸውንም በተቈረጠ ቀን ውስጥ እንዲመልስ አስታወቀው። ልጁ ግን አዲሱን ለራሱ ይዞ፥ አሮጌውን «እዚያ የሚጠግነው አይታጣም» ሲል ስማዳ ላሉት አባቱ በሰው እጅ ሰደደላቸው። አባቱም ነገሩን በሰሙ ጊዜ ስልኩን ይዘው ወደ እናንተ መጡና «ልያዘው ወይስ ልመልሰው?» አሉ። ምን ትሏቸዋላችሁ?

ከሰው የሚሰማው መልስ ሦስት ዐይነት ነው። አንዱ «ኩባንያው ባለጸጋ ነው፤ አንድ ስልክ ቢቀርበት አይጐዳም» ይላል። ሌላው «የተበላሸ ዕቃ ምን ይረባዋል?» ይላል። ሦስተኛውም «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተረት ይጠቅሳል። ሦስቱንም በየተራ እንመርምር።

የባለጸጋ ላም በድኻ ማሳ ውስጥ ብትገኝ የድኻው ገንዘብ አትሆንም። ልጁም የተቀበለው ስጦታ አይደለም፤ ለውጥ ነው። በገበያ በሬውን በላም የለወጠ ሰው ሁለቱንም እየነዳ ወደ ቤቱ አይገባም። ላሚቱን ከተቀበለ በኋላ በሬው እስኪረከቡት ድረስ በደጁ ቢያድር እንኳ፥ ያደረው በዐደራ ነው። ዐደራም ጥብቅ መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ።

ሕጋችንም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2162፥ ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ሀብት የበለጸገ ሰው በተጠቀመበት መጠን ባለሀብቱን እንዲክስ ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813ም፥ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ ምትኩን ወይም ገንዘቡን እንዲጠይቅ መብት ሰጠ። መብቱ ዕቃውን ከመመለስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ልብ በሉ።

ብልሹ ስልክም ከንቱ አይደለም። ኩባንያው ጠግኖ ለሌላ ደንበኛ ይሰጠዋል፤ ወይም ፈትቶ የጉድለቱን ምክንያት ይመረምርበታል። በውስጡም መዳብ፥ ኮባልትና ጥቂት ወርቅ ይገኛል። በቤት ሲቀመጥ ግን ሊጐዳ ይችላል፤ የሊቲየም ባትሪው ካበጠ ወይም ከተወጋ እሳት ያነሣልና፥ ለልጆች መጫወቻ ሊሰጥ አይገባም።

ስለ ሁለቱ ባላም እንናገር። እያንዳንዱ ስልክ 15 አኃዝ ያለው መለያ ቍጥር አለው፤ *#06# ቢመቱ በመስታወቱ ላይ ይታያል። በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. ስልኮችን በዚሁ ቍጥር መመዝገብ ጀምሮ ነበር። ያላኩለትም ኩባንያ በዚህ ቍጥር ስልኩን ሊያሳግድ፥ ዋጋውንም ከልጁ ሊያስከፍል ይችላል። ተረቱ በገዛ መሬትህ ሁለት ባላ ትከል ይላል እንጂ በሰው መሬት ትከል አይልም።

የዚህ ቦታ ልማድም ምስክር ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ከእናት መጽሐፉም ጋር እያስተያየ ያርማል። የጻፈው የራሱ ነው፤ የተዋሰው እናት መጽሐፍ ግን ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ድካሙ ብዙ ነበር ተብሎ መጽሐፉ አይቀርለትም።

እንግዲህ ለአባትየው የምትመክሯቸው ይህ ይሁን። ልጁን በሰው ፊት አያዋርዱት፤ ነገር ግን ኩባንያውን እንዲጠይቅ ይጻፉለት። ኩባንያው «አሮጌውን ያዘው» ቢል፥ ቃሉን በጽሑፍ ይቀበል፤ ያን ጊዜ ስልኩ በእውነት የእርሱ ነው። «መልስ» ቢል ግን የመላኪያውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ይጠይቅ፤ ሲም ካርዱን ያውጣ፤ ሥዕሉንና መልእክቱን ይደምስስ፤ ባትሪው አብጦ እንደ ሆነም አስቀድሞ ያስታውቅ። ሲያስረክብም መለያ ቍጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበል። ቀኑ አልፎበት ከሆነ እውነቱን ይናገር፤ «ጠፋብኝ» ማለት በአንዱ ጥፋት ላይ ሐሰት መጨመር ነው። ምትኩም ጉድለት ቢኖርበት፥ ዐደራውን የመለሰ ሰው ያለ እፍረት አቤት ይላል።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ትምህርት በክፍል ለማስተማር ስልክ አያስፈልጋችሁም። የተቀደደ የትምህርት መጽሐፍ ይዞ የመጣ ተማሪ ሌላ ሲሰጠው፥ የተቀደደውን አስረክቦ ስሙን በመዝገብ እንዲያጽፍ አድርጉ። ዛሬ የተቀደደ መጽሐፍ መመለስ የለመደ ልጅ፥ ነገ በሩቅ አገር ማንም ሳያየው የሰውን ዕቃ ይመልሳል። አባቱም የሚልክላቸውን ሁሉ ያለ ሥጋት ይቀበላሉ።