ልጃችን «ፊልም» ስትለን





እኛ የካምፓላ ወላጆች ለልጆቻችን የምንመኘው ይታወቃል፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ካልሆነም የሒሳብ ባለሙያ እንዲሆኑልን ነው። ልጃችን «ፊልም መሥራት እፈልጋለሁ» ካለችን ግን እንደነግጣለን። ስለዚህ ዛሬ የእህታችንን የዶክተር ምሕረት ማንደፍሮን ነገር ልናነሳ ወደድን።

ምሕረት የተወለደችው አዲስ አበባ፣ ያደገችው አሜሪካ ነው። በሃርቫርድ ሕክምና ተምራ በኒውዮርክ ብሮንክስ ሠርታለች። ቀጥላ ግን የፊልም ፕሮዲውሰር ሆነች። ፕሮዲውሰር ማለት ገንዘብ የሚያፈላልግ፣ ባለሙያ የሚያሰባስብ፣ ሥራውን ከተመልካች ፊት የሚያደርስ ሰው ነው።

ከዳይሬክተር ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጋር የሠሩት «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ለዕይታ በቃ። ተዋናይት ሜሮን ጌትነት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን ለገደለች የ14 ዓመት ልጅ የምትቆም ጠበቃ ሆና ትጫወታለች። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በሀገራችን የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ነው። ፊልሙ በአማርኛ እየተናገረ በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ።

ታዲያ የሕክምና ትምህርቷ ከንቱ ቀረ እንበል? አንልም። ሐኪም የአንዱን ሕመም ያዳምጣል፤ ይህ ፊልም የብዙ እህቶቻችንን ሕመም ለዓለም አሰማ።

እንግዲህ ልጃችን «ፊልም» ስትለን ከመቆጣታችን በፊት «የማንን ታሪክ ልትነግሪ ነው?» ብለን እንጠይቃት። ታሪኩን የምትነግርበትን አማርኛም ከቤታችን አናጥፋባት።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይባርክልን።