የእርጅና ዘመንና አዲሱ ጥበብ

በደብራችን የኀምሳኛ ዓመት በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተደረገ ንግግር



በዚህ በዓል ሌሎቹ ተናጋሪዎች ስላለፈው ኀምሳ ዓመት ሲያወሱ፥ እኔ እንድናገር የታዘዝሁት ስለ ዛሬው ነገር ነው። ይኸውም በዕድሜ የገፋ ሰው እየተፋጠነ ከሚመጣው አዲስ ጥበብ ጋራ እንዴት ሊኖር ይችላል የሚለው ነው። ነገሩ ከበዓላችን የራቀ አይምሰላችሁ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ስትሠራ ድንጋይ የተሸከሙ፥ ጭቃ ያቀበሉ ጎልማሶች ዛሬ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፥ በሌላው እጃቸው ስልክ ይዘው ይመጣሉ። ምርኩዙ ያሳርፋቸዋል፤ ስልኩ ግን ብዙ ጊዜ ያስጨንቃቸዋል።

አገራችን ለአዲስ ነገር እንግዳ አይደለችም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓመታት ስልክ ገባ፤ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ ደረሰ። የምድር ባቡርም ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ዐሥራ አራት ዓመት አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባቡሩ ሳይደርስ ወሬው ደርሶ፥ የሚጠራጠረው ተጠራጥሮ፥ የሚከራከረውም ተከራክሮ ነበር። ከደረሰም በኋላ ባቡሩን ያልወደደ ሰው በበቅሎው መሄድ ይችል ነበር፤ ማንም አልከለከለውም።

አሁን ደግሞ በ1940 ዓ.ም. የተወለደውን ሰው እንመልከት። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነበረ። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ሲገባ ኀምሳ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ገንዘብን በስልክ የሚያስተላልፈው ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግን ሰባ ሦስት ዓመቱ ነበረ። ከመጀመሪያው ስልክ እስከ እጅ ስልክ ከመቶ ዓመት በላይ ሲፈጅ፥ ከእጅ ስልክ እስከ ቴሌብር የፈጀው ሃያ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ የሚገዛ ሁሉ በጥሬ ገንዘብ መክፈሉን ትቶ በስልክ እንዲከፍል በተደረገ ጊዜ፥ ሽማግሌው ባለመኪና እንደ ወጣቱ መታዘዝ ነበረበት። የቀድሞው ጥበብ ደጅ ቆሞ ይጋብዝ ነበር፤ የዛሬው ግን ራሱ ደጅ ሆኗል፤ በርሱ ካላለፉ ወደ ጉዳይ አይደረስም።

እንግዲህ ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ ስልኩን ሲፈሩ ባየን ጊዜ፥ ሰነፉ ወይም አእምሯቸው ደከመ አንበል። ለችግራቸው የታወቀ ምክንያት አለው። ዓይን ከአርባ ዓመት በኋላ ቅርቡን ማየት እየተሳነው ይሄዳል፤ በስልኩ ላይ ያለው ፊደል ግን ለወጣት ዓይን የተለካ ነው። መስተዋቱም ጣት ሲነካው የሚያውቀው የሰው ገላ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ ነው። ጥፍር አያስተላልፍም፤ በሥራ የጠነከረና በዕድሜ የደረቀ ቆዳም እንደ ልጅ ቆዳ አያስተላልፍም። ስለዚህ እናታችን ሦስት ጊዜ ነክታው እንቢ ያላት ባለማወቋ አይደለም። ጣትን ጥቂት ማርጠብና በጥፍር ሳይሆን በጣት ሥጋ መንካት ይረዳል፤ ፊደሉንም በስልኩ ማስተካከያ ማተለቅ ይቻላል። ይህን የሚያሳያቸው ሰው ቢያገኙ ከጭንቀታቸው እኩሌታው ይቀልላቸው ነበር።

ነገር ግን ከዓይንና ከጣት ይልቅ የሚከብደው ዕፍረት ነው። ልጆቹን ያስተማረ አባት፥ ቤት ያስተዳደረች እናት፥ ከልጅ ልጃቸው ፊት «ይህ ምንድን ነው?» ብለው መጠየቅ ያፍራሉ። ከመጠየቅም ይልቅ ስልኩን ከነምስጢር ቁጥሩ ለልጁ፥ ለጎረቤቱ፥ ወይም በመንገድ ላገኙት ሰው መስጠት ይቀልላቸዋል። ዛሬ ልናገረው የተነሣሁበት ዋና ነገር ይህ ነው።

በቀድሞ ዘመን ባለ ማዕርግ ሰው ማኅተም ነበረው።  ደብዳቤውን ሌላ ቢጽፈውም፥ ማኅተሙ ያረፈበት ቃል የርሱ ቃል ነበረ። የዛሬው የምስጢር ቁጥር ያው ማኅተም ነው። ቁጥሩን የሰጠ ሰው ጥቂት ብር ብቻ አይደለም የሰጠው፤ ስሙንና ቃሉንም አሳልፎ ሰጥቷል። በዚያ ቁጥር የተላከው ገንዘብ ሁሉ እርሱ እንደ ላከው ይቈጠራል። ጡረታውን በገዛ እጁ መቀበልና በገዛ ፈቃዱ ማውጣት የአንድ ሽማግሌ የመጨረሻ ነጻነቱ ነው፤ ይህንም ባለማወቅ ሳይሆን በዕፍረት ያጣዋል።

ሌቦችም ይህን ዐውቀዋል። አንዱ ስልክ ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። ሌላው ሐሰተኛ መልእክት ልኮ «በስሕተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ፤ ልጄ ሆስፒታል ነው» እያለ ያለቅሳል። የሁሉም መሣሪያ አንድ ነው፤ እርሱም ችኮላ ነው። «አሁኑኑ ካልሆነ ያልፋል» ይላሉ። እንግዲህ በዚህ ላይ የእርጅና ዝግታ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ጋሻ ይሆናል። «ቈይ ልጄ፤ ሰው ላማክር» ብሎ ስልኩን የሚዘጋ ሽማግሌ ከማንኛውም ቍልፍ ይበልጣል። መልእክቱን አይመን፤ ቀሪ ሂሳቡን ይመልከት፤ ገንዘቡ በውነት ገብቶ እንደ ሆነ በዚያ ይታያል። እውነተኛ የድርጅት ሠራተኛም የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም።

አሁንም ትምህርቱ እንዴት ይሁን ብትሉኝ፥ መንገዱን ሩቅ አገር ሄደን አንፈልገው፤ በዚሁ በደጀ ሰላማችን አለ። የንባብ ተማሪ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፥ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ በተራ ይሄዳል እንጂ አንዱን ሳይዝ ሌላውን አይነካም። መምህሩም ተማሪው ፊደሉን ራሱ በስንደዶ እየጠቈመ እንዲያነብ ያደርገዋል እንጂ ስንደዶውን ነጥቆ አያነብለትም። ስልክም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ መደወልና ማንሣት፤ ቀጥሎ መልእክት መክፈትና ማንበብ፤ ከዚያ ቀሪ ሂሳብ ማየት፤ በመጨረሻም ዐሥር ብር ለሚያውቁት ሰው ልኮ መመለስ። አንዱ እስኪለመድ በየቀኑ ይደገም። በዕድሜ የገፋ አእምሮ የሚማረው በዝግታ ነው፤ ደጋግሞ የያዘውን ግን አጥብቆ ይይዛል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው በዚህም ይሠራል።

እናንት ወጣቶች ሆይ፥ አያታችሁ ስልኩን ይዘው ሲቸገሩ ቀምታችሁ አትሥሩላቸው። ቀምቶ መሥራት ለጊዜው መርዳት ይመስላል፤ ነገር ግን ነገ ደግሞ እንዲለምኗችሁ ማድረግ ነው። ጣቱ የርሳቸው ይሁን፤ የናንተ ቃል ብቻ ይምራቸው። የምስጢር ቁጥራቸውን ሲጽፉም ፊታችሁን መልሱ። እናንተ ፊደል ስትቈጥሩ እነርሱ አንዱን ሆሄ መቶ ጊዜ ሲነግሯችሁ አልሰለቹም ነበር።

ክቡራን አባቶች፥ የሰበካ ጉባኤና የዕድር አለቆች፥ እናንተንም የምለምነው አለ። በሳምንት አንድ ቀን፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ በአዳራሻችን ሁለት ትዕግሥተኛ ወጣቶች ይቀመጡ፤ ስልክ ያስቸገረው ሽማግሌ ሁሉ ያለ ዕፍረት ይምጣ። ብዙዎች ባንድነት ሲጠይቁ ዕፍረቱ ይጠፋል። ወጪውም ጥቂት ወንበርና ጥቂት ጊዜ ነው።

በመሥሪያ ቤት የተሾማችሁም ከዚህ መካከል እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። ዓይኑ የጠፋ፥ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምንም ያህል ቢማር ሊደርስበት የማይችለው ነገር አለ። ስለ እርሱ አንዲት መስኮት ክፍት ትኑር፤ በመስኮቷም ሰው ይቀመጥ። ይህ ሥልጣኔን መቃወም አይደለም። ሥልጣኔ የተፈለገው ለሰው ነውና፥ አገሩን በጕልበቱ ያቆመውን ሰው ከደጅ የሚያስቀር ከሆነ ስሙን ያጣል።

እናንተም በዕድሜ የከበራችሁ አባቶችና እናቶች፥ አዲሱን ሁሉ መያዝ ግዴታ አይደለም። የሚጠቅማችሁን ምረጡ፤ የቀረውን ለወጣቶች ተዉላቸው። የመረጣችሁትን ግን በገዛ ጣታችሁ ያዙት፤ ማኅተማችሁንም ለማንም አትስጡ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ በተማሪ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል።

 ለከርሞው በዓል በሰላም ያድርሰን።