ጓሳን ማን ይጠብቃል? ለማንስ?



«ፍትሐዊና ዘላቂ ልማት» የሚለውን ሐረግ በየሰነዱ እናነባለን። ሁለቱ ቃላት ሁልጊዜ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ፣ አንዱ ባለበት ሌላው የማይታጣ ይመስለናል። እኔ ግን ሁለቱ የተጋጩበትን አንድ ቦታ ላነሣ እወዳለሁ፤ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘውን የጓሳ ምድር።

ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ውርጫማ ደጋ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ጌሳ ያገለግላል። ምድሩ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያም ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደ ተጀመረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ጓሳን ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋው ነበር። የተመረጡት አለቆች ሣሩ መድረሱን አይተው በበጋ እስኪከፍቱት ድረስ ሣር ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነበር፤ የጣሰ ይቀጣል።

በጥበቃ ረገድ ይህን የሚያህል ሥርዓት በአገራችን ብዙ አላውቅም። ነገር ግን የመጠቀም መብት የነበረው ትውልዱን ከአስቦና ከጌራ፣ ከቀደምቱ አባቶች፣ ለሚቆጥር ብቻ ነበር። (ሥርዓቱን የሚያሞግስ ሰው ይህችን ነገር ፈጠን ብሎ ማለፍ ይቀናዋል።)

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን የዘር አጥር አፈረሰ። መብቱ ለገበሬ ማኅበራት አባላት ሁሉ ደረሰ፤ በእኔ ዳኝነት ይህ ፍትሕ ነበር። ይሁን እንጂ ከባለመብቶቹ ጋር ጠባቂዎቹም ተሻሩ። የሚዘጋበት ወቅት ቀረ፤ ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፤ ከብቱም ገባ።

ዛሬ ከአካባቢው ቀበሌዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ጥበቃውን ይመራል፤ ክልሉም በ2004 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታነቱን በሕግ አጽንቶታል። ከቄሮ መዝጋትና መክፈቱ፣ ከአዋጁ የነዋሪው ሁሉ መብት ተወሰደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ጉዳይ ይነሣል። አሁን አቅም ያለው ቤቱን በቆርቆሮ ይከድናል፤ ከጓሳ ሣር መላቀቅ ያልቻለው አቅም ያነሰው ነው። የመዝጊያው ዘመን ለቀበሮው ወይም ለቱሪስቱ ሲባል በአንድ ዓመት ቢራዘም፣ በስብሰባው እኩል እጃቸውን ያወጡት ሁለቱ ጎረቤቶች የሚከፍሉት ዋጋ እኩል አይሆንም። ስለዚህ ክዳኑ ያረጀበት ሰው ክረምቱን በምን እንደሚያሳልፍ ከውሳኔው በፊት ሊጠየቅ ይገባል፤ ከእንግዶች የሚገኘው ገቢም አስቀድሞ ወደዚያ ቤት ይሂድ እላለሁ። በዚህ የማይስማማ ካለ፣ መድረኩን ለውይይት እለቃለሁ።