ሶፍትዌሩ ከመለቀቁ በፊት ማን አየው?

ዛሬም ከአሽዶድ ነን። «ኪውኤ መማር ጀምሬያለሁ፣ ግን ሥራው ቁልፍ መጫን ብቻ ነው እንዴ?» የምትሉን አላችሁ። አይደለም። ኮዱ ደህና ሆኖ ሀግዳሮቱ ብቻ ቢሳሳት ጉድ ይፈላል። ሀግዳሮት ስል፦ አንድ ሰው በቀን ስንት ያወጣል? የትኛውን ገጽ ማን ያያል? የሙከራው ዳታቤዝ የቱ ነው፣ የእውነተኛውስ?

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን አስታውሱ። ማርች 15 ቀን 2024፣ በአገር ቤት አቆጣጠር መጋቢት 6 ቀን 2016፣ አርብ ማታ። ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ወሬው በስልክ ሲዛመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። እስኪዘጋ ድረስ ወደ 490 ሺህ ግብይት ተካሄደ፤ ባንኩ በኋላ የጠፋው 801 ሚሊዮን ብር ነው አለ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ። በሃያ ዓመቱ ፎቶው የተለጠፈበትን ልጅ አስቡት!

የሳይበር ጥቃት ነው? አይደለም፤ ከመደበኛ የሥርዓት ማሻሻያና ፍተሻ ጋር የተያያዘ ነው ተባለ። እኔን የምታስፈራኝ ይቺ «መደበኛ» የምትባለው ቃል ናት። ሰው የሚዘናጋው እሷን ሲሰማ ነው። መቶ ብር ካለበት ሂሳብ ሺህ ብር ለማውጣት መሞከር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሙከራው ከማሻሻያው በኋላም፣ በእውነተኛው ሥርዓት ላይም መደገም አለበት።

እዚህ አገርስ? በፌብሩዋሪ 2020 ሊኩድ ለምርጫ ይጠቀምበት የነበረው ኤሌክቶር የመራጮችን መዝገብ አጋለጠ፤ ወደ 6 ሚሊዮን ተኩል ሰው፣ ስም፣ አድራሻ፣ የተውዳት ዜሁት ቁጥር። ጋዜጠኛውና ፕሮግራመሩ ራን ባር ዚክ እንደጻፈው፣ የድረ ገጹን ምንጭ ኮድ ከፍቶ ላየ ሰው የአስተዳዳሪዎቹ የይለፍ ቃል ይገኝ ነበር። ብሮውዘር ብቻ ይበቃል! የአሽዶድ እናት አባቶቻችንም እዚያ መዝገብ ውስጥ ነበሩ።

አሁን ከባዱ ነገር። እኛ ቤት «ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል» ተብለን ነው ያደግነው። ሥራ ቦታ ግን ሐሙስ ማታ አለቃው «እንልቀቀው» ሲል፣ «ቆይ፣ የሙከራውንና የእውነተኛውን ሀግዳሮት ጎን ለጎን አላየሁም» የሚለው አዲሱ ሠራተኛ መሆን አለበት። አፋችሁ ካልደፈረ ጻፉት፦ ምን እንዳያችሁ፣ ምን እንዳላያችሁ፣ ችግር ቢመጣ ወደ ድሮው የሚመልሰው ማን እንደሆነ። ከመለቀቁ በፊት ላኩት፣ በኋላ አይደለም።